ሕልሙ ከመርከቡ ቀድሟል

«ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» ይላል ያገሬ ሰው። ባለፈው እትማችን ስለ ማላይ ሕዝቦችና ስለ እስልምና የወጣውን ጽሑፍ አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ይኸው ተረት ነው። ጽሑፉ አምስት ገጽ ነው። በአምስቱም ገጽ የጉጃራት ነጋዴ ይናገራል፤ የዐረብ መርከበኛ ይናገራል፤ የሆላንድ ሊቅ ይናገራል፤ ፖርቱጋሉም ተራውን ጠብቆ ይናገራል። አንድ ማላይ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ትንፍሽ አይልም። የነበረው እሱ፣ የቀበረውም እሱ ሆኖ ሳለ!

የጸሐፊውን ስም አልጠራም። ወንድማችን ነው፤ ለፍቶበታል፤ አማርኛውም የሚያስቀና ነው። ጠቤ ከሱ ጋር አይደለም። እሱ የጻፈውን ሁላችንም በክፍል ሰምተነዋል፤ ለፈተና ሸምድደነዋል። እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት «እስልምና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ በነጋዴዎች አማካይነት በሰላም ገባ» ብዬ ጽፌ ሙሉ ነጥብ ተሰጥቶኛል። ዛሬ ያንን ነጥብ መልስ ብባል አልከራከርም።

የወንድማችን ጽሑፍ ሲጨመቅ ሦስት ነገር ይላል። አንደኛ፣ እስልምናን ወደ ማላይ ያመጣው ንግድ ነው፤ አመጣጡም ሰላማዊ ነው። ሁለተኛ፣ ዋናው ጥያቄ «ከየት መጣ?» የሚለው ነው፤ መልሱም ከጉጃራት ነው። ሦስተኛ፣ ማላዮች የሰለሙት ላይ ላዩን ነው፤ ቀለሙ ቢፋቅ ከሥር ያው የጥንቱ ሂንዱና ቡድሂስት ይገኛል። እኔ ደግሞ የምለው ይህን ነው፦ መርከቡ ያደረሰው ሰዎችን ነው። ሃይማኖቱን የወሰዱት፣ በቋንቋቸው የጻፉት፣ የተጣሉበትና የራሳቸው ያደረጉት የወደቡ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ «እስልምና ገባ» የሚለው ግስ ራሱ ስሕተት ነው እላለሁ። በር አንኳኩቶ የሚገባ እንግዳ ቢሆን እንኳ የሚከፍትለት ባለቤት ያስፈልገዋል።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ማሳሰቢያ። ማላይ ስል በማላይ ባሕረ ገብ መሬት፣ በሱማትራና በቦርኒዮ ጠረፍ የሚኖሩትን ማላይኛ ተናጋሪዎች ነው፤ ነገሩ ግን ከጎረቤቶቻቸው ተነጥሎ ስለማይታይ አቼዎችን፣ ሚናንግካባዎችን፣ ጃቫዎችንና ማካሳሮችንም እየጠራሁ አልፋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፤ ስለ ንግድ

ንግድ አልነበረም የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። የማላካ ወሽመጥ በሕንድ ውቅያኖስና በቻይና ባሕር መካከል ያለ ጠባብ በር ነው። ነፋሱም በዓመት ሁለት ጊዜ ይገለበጣል። ከሕንድ በኩል የሚነፍሰው መርከቡን ያመጣዋል፤ ከቻይና በኩል የሚነፍሰው እስኪተካ ድረስ ነጋዴው ወደብ ላይ ወራት መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ሲጠብቅ ቤት ይከራያል፣ ይበደራል፣ ያበድራል፣ ሚስት ያገባል፣ ይወልዳል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ።

ታዲያ ሒሳቡን እንሥራ። በ1998 በሱማትራና በቦርኒዮ መካከል ካለችው ከቤሊቱንግ ደሴት አጠገብ አንድ የሰመጠ መርከብ ተገኘ። ሳንቃዎቹ በገመድ የተሰፉ፣ የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ሥሪት የሆነ መርከብ ነው። በሆዱ 60,000 ገደማ የቻይና ሸክላ ተሸክሞ ነበር። አንዱ ሳህን ላይ የተጻፈው ቀን ከ826 ዓመት ጋር ይገጥማል። በ879 አካባቢ የቻይና አማፅያን የጓንግዡን ወደብ ሲይዙ ከፈጇቸው የውጭ ነጋዴዎች መካከል ሙስሊሞች እንደነበሩ የዐረብ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ወደ ጓንግዡ የሚሄድ መርከብ ደግሞ የማላይን ባሕር ሳያቋርጥ አይደርስም። እንግዲህ ሙስሊም ነጋዴ በዚያ ባሕር ላይ ቢያንስ ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይመላለስ ነበር ማለት ነው።

መጀመሪያ የሰለመ ተብሎ በመቃብር ድንጋዩ የሚታወቀው የአካባቢው ንጉሥ ማን ነው? በሰሜን ሱማትራ የፓሳይ ሱልጣን የነበረው ማሊክ አስ-ሳሊሕ ነው። ድንጋዩ የሞቱን ዓመት 696 ሒጅራ፣ ማለትም 1297 ይለዋል። ከ826 እስከ 1297 ስንት ነው? አራት መቶ ሰባ አንድ ዓመት! አራት መቶ ሰባ ዓመት ሙሉ ነጋዴው ይመጣል፣ ይሸጣል፣ ይገዛል፣ ነፋስ ይጠብቃል፣ ይሄዳል። ክብሪት አራት መቶ ሰባ ዓመት እየተጫረ እንጨቱ ካልተያያዘ፣ ከዚያ በኋላ የሚመረመረው እንጨቱ እንጂ ክብሪቱ ነው እንዴ? የቻይና ነጋዴም እኮ በዚያው ወደብ ነበረ። የቻይና ሐር ያልለበሰ፣ በቻይና ሳህን ያልበላ የማላይ ጌታ አልነበረም። የኮንፊሽየስን ሥርዓት የተቀበለ ንጉሥ ግን አላየንም። ዕቃ መግዛትና እምነት መያዝ ለየቅል ናቸው።

ታዲያ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ምን ተለወጠ? የተለወጠው ማላይ ራሱ ነው። ቀድሞ ወሽመጡን ይቆጣጠር የነበረው፣ መናገሻውን በሱማትራ ፓለምባንግ ያደረገው ቡድሂስቱ የስሪቪጃያ መንግሥት ነበር። ቻይናዊው መነኩሴ ዪጂንግ በ671 ወደ ሕንድ ሲሄድ ሳንስክሪት ለመማር የቆመው እዚያ ነው። ይህ መንግሥት በ1025 በደቡብ ሕንዶቹ በቾላዎች የባሕር ዘመቻ ተመታ፤ እየቆየም ተዳከመ። በ1275 ደግሞ የጃቫው የሲንጋሳሪ ንጉሥ ጦሩን ወደ ሱማትራ አዘመተ። ትልቁ ዛፍ ሲወድቅ ትናንሾቹ ወደቦች ፀሐይ አገኙ። ጥያቄም መጣባቸው፦ ከእንግዲህ የማን ነን? ለጃቫው እንገብር? ለቻይናው እንስገድ?

የፓሳዩ ሰው የመረጠውን ስም ተመልከቱ። በአካባቢው መጠሪያ ሜራህ ሲሉ ይባል ነበር። ሲሰልም ማሊክ አስ-ሳሊሕ ተባለ፤ ልጁ ማሊክ አዝ-ዛሂር። እነዚህ በዚያው ክፍለ ዘመን ካይሮ ላይ የነገሡ የሁለት ሱልጣኖች መጠሪያዎች ናቸው፤ አንዱ የአዩቢዱ፣ ሁለተኛው የማምሉኩ የበይባርስ። ትንሽ የሱማትራ ወደብ፣ ጃቫንና ቻይናን ከጎኑ አስቀምጦ ካይሮን አሻግሮ ሲያይ! ይህ የነጋዴ ስብከት ብቻ ያደረገው ነው አትበሉኝ። ይህ ራሱን በዓለም ላይ የት ላስቀምጥ ብሎ ያሰበ ሰው ሥራ ነው።

ወንድማችን በዚህ ላይ ማርኮ ፖሎን ይጠራብኛል፤ አውቃለሁ። ቬኔስያዊው በ1292 በዚያ ሲያልፍ የፐርላክን ከተማ ሰዎች ያሰለሟቸው ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው ብሏል። ማለቱን አልክድም። ግን ንባቡን እንጨርሰው። የሰለሙት የከተማው ሰዎች ብቻ ናቸው፣ ተራራው ላይ ያሉት አልሰለሙም ይላል። እሱ ራሱ ነፋስ ሲጠብቅ አምስት ወር የከረመበትን የሳሙድራን ሕዝብ ደግሞ ጣዖት አምላኪ ብሎ ነው የመዘገበው። አንድ ባሕር፣ አንድ ነፋስ፣ አንድ ዓይነት ነጋዴ፤ አንዱ ወደብ ሲሰልም ጎረቤቱ ገና አልሰለመም። ልዩነቱን የፈጠረው ተቀባዩ ነው። ማርኮ ፖሎ ለኔም ምስክር ነው።

ከዚያ ሃምሳ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1345 ገደማ ኢብን ባቱታ ሳሙድራ ደረሰ። ያገኘው ሱልጣን የሻፊዒን መዝሀብ የሚከተል፣ ከፋርስ ከመጡ የሕግ ሊቃውንት ጋር መከራከር የሚወድ፣ ለጁምዓ በእግሩ የሚሄድ ሰው ነበር። ነጋዴ ስለጎተጎተው የሰለመ ሰው ቁጭ ብሎ ከፈቂህ ጋር ይከራከራል?

ሁለተኛ፤ ስለ አድራሻው

«ከየት መጣ?» በሚለው ጥያቄ ላይ ሊቃውንቱ ከመቶ ዓመት በላይ ተጨቃጭቀዋል። የሆላንዱ ስኑክ ሁርግሮንየ ሕንድን ጠቆመ። በ1912 ሞኬት የሚባል ሌላ ሆላንዳዊ በፓሳይና በጃቫዋ ግሬሲክ ያሉትን የመቃብር ድንጋዮች መርምሮ በጉጃራት ከካምባይ ድንጋዮች ጋር አንድ ናቸው አለ፤ «ከጉጃራት መጣ» የሚለው ሸክም በዚያ ድንጋይ ላይ ተጫነ። ሌሎች ተነሥተው የለም፣ ከቤንጋል ነው አሉ። ሌሎች ከደቡብ ሕንድ ጠረፍ አሉ። በ1969 ማሌዢያዊው ሰይድ ሙሐመድ ናቂብ አል-አጣስ የምንሰማው የቅኝ ገዥ ወሬ ነው፣ ከዐረብ ምድር ነው ብሎ ተነሣ።

እስቲ ድንጋዩን ራሱን እንጠይቀው። የግሬሲኩ የማሊክ ኢብራሂም ድንጋይ ዓመቱ 1419 ነው። የፓሳዩ 1428 ነው። ሁለቱም ከማሊክ አስ-ሳሊሕ ሞት ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይተዋል። ጉጃራት ራሷ በዴልሂ ሱልጣኖች የተወጋችው በ1299 ነው፤ የፓሳዩ ሱልጣን ግን ሁለት ዓመት ቀድሞ ተቀብሯል። ነጋዴዎቿ ቀድሞም ሙስሊሞች ነበሩ ቢባል እሺ፤ ግን የተገዛ ድንጋይ የሚመሰክረው ግዢውን ነው። ያዲስ አበባ ሰው ለአባቱ መቃብር ከኢጣልያ እብነ በረድ ቢያስመጣ አባትየው ካቶሊክ ነበሩ ልንል ነው?

ከሁሉም የሚገርመው በ1428ቱ ድንጋይ ሥር የተኛችው ሰው ናት። ናህራሲያህ ትባላለች፤ የፓሳይ ንግሥት ነበረች። ሊቃውንቱ ድንጋዩን ከየት እንደተቆረጠ ለማወቅ በዓይናቸው ሲመዝኑ፣ በድንጋዩ ላይ በዘር ሐረጓና በማዕረጓ የተጻፈችውን ሴት አልፈዋት ሄዱ። ጥያቄው «ከየት» ሲሆን የሚሆነው ይኸው ነው። የላኪው አድራሻ ይነበባል፤ ተቀባዩ ይዘለላል።

ተቀባዩን የሚያሳዩ ሌሎች ድንጋዮች ሞልተዋል። በምሥራቅ ጃቫ በሂንዱ-ቡድሂስቱ በማጃፓሂት መናገሻ አጠገብ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተቀበሩ ሙስሊሞች አሉ። ድንጋዮቻቸው በአንድ ወገን የቁርኣን ቃል ይዘዋል። ዓመቱ ግን የተጻፈው በጃቫ አኃዝና በሳካ ዘመን ነው፤ 1290 እና 1298፣ ማለትም 1368 እና 1376። ከውጭ የመጣ ነጋዴ ቢሆን ኖሮ የሞቱን ዓመት በሒጅራ ባስጻፈ ነበር። እነዚህ ያገሩ ተወላጆች፣ ምናልባትም ከቤተ መንግሥቱ ወገን የሆኑ ሰዎች ናቸው።

በማላይ ባሕረ ገብ መሬት በትሬንጋኑ ደግሞ በዐረብ ፊደል፣ በማላይኛ ቋንቋ የተቀረጸ የሕግ ድንጋይ አለ። ዓመቱ 1303 ይባላል፤ ድንጋዩ ስለተሰበረ እስከ 1387 የሚያወርዱትም አሉ። ስለ ዕዳ፣ ስለ ዝሙት ቅጣት ይደነግጋል። ፈጣሪን የሚጠራው ግን «ዴዋታ ሙልያ ራያ» ብሎ ነው፤ ከሳንስክሪት በተወረሰ ቃል። ይህን የቀረጸ ሰው ዐረብ አይደለም፤ ጉጃራቴም አይደለም። ሕጉን ለጎረቤቶቹ፣ ጎረቤቶቹ በሚያውቁት ቃል የሚነግር ማላይ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ሕልሙ

አሁን ወንድማችን ያልጠራቸውን ምስክሮች ልጥራ። ማላዮች ስለ ራሳቸው ጽፈዋል። የፓሳይ ነገሥታት ዜና መዋዕል አለ፤ የማላካ ነገሥታት ታሪክ የሆነው «ሰጃራህ መላዩ» አለ። ሁለቱም ስለ መስለም ሲተርኩ ቅደም ተከተላቸው አንድ ነው።

በፓሳዩ ታሪክ ሜራህ ሲሉ ተኝቶ ሳለ ነቢዩ በሕልሙ ይገለጡለታል፤ ምራቃቸውን ባፉ ያሳድሩለታል። ሲነቃ ተገርዞ ይገኛል፤ ማንም ሳያስተምረው ቁርኣን ያነባል። ከመካ የተነሣው መርከብ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። በማላካውም እንዲሁ፤ ንጉሡ በሕልሙ ምስክርነቱን ይማራል፤ ነገ በዐስር ሰዓት ከጂዳ መርከብ ይመጣል ይባላል። ሲነጋ አፉ ከዚያ ቃል አልላቀቅ ሲል ሹማምንቱ ጌታችን አበደ እንዴ ብለው ይደነግጣሉ። ማታ መርከቡ ሲደርስ፣ የመጡትም ባሕር ዳር ወርደው ሲሰግዱ ያኔ ያምናሉ።

«ሕልም ታሪክ ይሆናል ወይ?» ይለኛል ወንድማችን። አይሆንም። በዚያች ሌሊት የሆነውን ለማስረዳት አላቀረብኩትም። ያቀረብኩት የጻፉት ሰዎች ስለ ራሳቸው ያሰቡትን እንድታዩ ነው። መርከቡን አልካዱም፤ መምህሩን አልካዱም። ግን ሕልሙን ከመርከቡ አስቀደሙ። መርከቡ ሲደርስ ንጉሡ ቀድሞ ያውቃል። እንግዳው የመጣው ሊያረጋግጥ ነው። ማላዮች ራሳቸው «ተሰጠን» ብለው ሳይሆን «ስንጠብቀው መጣ» ብለው ሲጽፉ፣ እኛ አምስት ገጽ ሙሉ «ተሰጣቸው» ብለን የምንጽፈው በምን መብታችን ነው?

አራተኛ፤ ስለ «ላይ ላዩ»

እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። «ማላይኛ ጾምን ፑዋሳ፣ ገነትን ሹርጋ፣ ሲኦልን ነራካ፣ ሃይማኖትን አጋማ ይላል፤ ሁሉም ሳንስክሪት ነው፤ ስለዚህ እስልምናው ቅብ ነው» የሚል ክርክር ቀርቧል። ሰላትንም ሰምባህያንግ ይላሉ፤ በጥሬው አማልክትን ማክበር እንደማለት ነው።

እሺ። «ሃይማኖት» የሚለው ቃል ራሱ ከየት መጣ? ከአራማይክ ነው። ኦሪትም፣ ምጽዋትም፣ ጣዖትም እንዲሁ። እንግዲህ የኛም ሃይማኖት ቅብ ነው ልንባል? የድሮ ቃል አዲስ ነገር እንዲሸከም ማድረግ የስንፍና ምልክት አይደለም፤ ትልቅ ሥራ ነው። የወሎ ሰው በአማርኛ መንዙማ አውጥቶ፣ በዐረብ ፊደል ጽፎ፣ ነቢዩን ባገሩ ዜማ ሲያወድስ ላይ ላዩን ነው የሚል ካለ ወሎ ሄዶ ይንገራቸው!

ማላዮችም የዐረብን ፊደል ወስደው ጃዊ አደረጉት። ዐረብኛ ች፣ ፕ፣ ኝ የሚሉ ድምፆች የሉትም። ታዲያ ባሉት ፊደሎች ላይ ነጥብ እየጨመሩ አዲስ ፊደል ፈጠሩ። እኛ በግዕዙ ሰ ላይ ጨምረን ሸን፣ በተ ላይ ቸን፣ በነ ላይ ኘን እንዳበጀነው ማለት ነው። በዚህ ፊደል ሕግ ተጻፈ፣ ቅኔ ተጻፈ፣ ፍልስፍና ተጻፈ። የማላይ ሱፊው ባለቅኔ ሐምዛህ ፋንሱሪ ዐረብኛና ፋርስኛ ለማያውቁት ወገኖቹ ብሎ ስለ ፈጣሪና ፍጡር አንድነት በማላይኛ ገጠመ።

ጠቡም ከዚሁ ተነሣ። በ1637 ኑሩዲን አር-ራኒሪ የሚባል ሊቅ አቼህ ገባ። ከየት? ከጉጃራት! እውነተኛው የጉጃራት ሰው በመጨረሻ መጣላችሁ፤ ማሊክ አስ-ሳሊሕ ከሞተ ከ340 ዓመት በኋላ። ራኒሪ የሐምዛህን ተከታዮች መናፍቃን ናቸው ብሎ ፈረደ፤ መጻሕፍታቸው ተቃጠሉ፤ የተገደሉም አሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ሳይፍ አር-ሪጃል የሚባል የሚናንግካባ ተወላጅ በክርክር ገጠመው፤ ቤተ መንግሥቱም ወደ ተወላጁ አደላ። ራኒሪ በ1644 ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። ይህን ታሪክ «ከጉጃራት ተቀበሉ» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ የት ልትከቱት ነው?

በ1642 ደግሞ አብዱር-ራኡፍ የተባለ የሲንግኪል ሰው ከአቼህ ወደ ዐረብ አገር ሄደ። መካና መዲና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተማረ፤ በ1661 ተመለሰ። የቁርኣንን ሙሉ ትርጓሜ በማላይኛ የጻፈ የመጀመሪያው እሱ ነው። የሻፊዒን ሕግም በማላይኛ የጻፈው በንግሥቲቱ በሱልጣናህ ሳፊያቱዲን ጥያቄ ነው። አዎ፣ በንግሥት ጥያቄ! አቼህን ከ1641 እስከ 1699 አራት ሴቶች በተከታታይ ገዝተዋታል። መርከቡ እዚህ ላይ አቅጣጫውን እንደቀየረ ልብ በሉ፤ ተማሪው ነው ከማላይ ወደ መካ የሚሄደው። በመካ ከዚያ ወገን የሚመጡትን ሁሉ ዐረቦቹ «ጃዊ» ይሏቸው ነበር፤ ከኛ ወገን የሚሄዱትን «ጀበርቲ» እንደሚሏቸው ሁሉ። በካይሮው በአል-አዝሀርም ለሁለቱም የየራሳቸው ማደሪያ ነበራቸው። ሁለቱም እውቀት ፍለጋ ከቤቱ የወጣ ሰው መጠሪያዎች ናቸው። ቅብ ለመቀባት ይህን ያህል ባሕር የሚያቋርጥ የለም።

አምስተኛ፤ ስለ «በሰላም»

እስካሁን ወንድማችንን ነው የተከራከርኩት። አሁን የኔን ወገን ልንካ። «ማላዮች ራሳቸው ወሰዱት» ሲባል ነገሩ ሁሉ ሠርግና ምላሽ ነበር ማለት አይደለም። የጃቫው የደማክ ሱልጣን ጦር በ1527 አካባቢ የማጃፓሂትን ርዝራዥ ደምስሷል። በሱላዌሲ የማካሳር ነገሥታት በ1605 ሰለሙ፤ ከ1608 እስከ 1611 ባለው ጊዜ ጎረቤቶቻቸውን ቡጊሶች እየወጉ አሰለሙ። ቡጊሶች ራሳቸው የእስልምና ጦርነት ብለው ይጠሩታል። ስለዚህ «በሰላም ገባ» የሚለው በፈተናችን ላይ የጻፍነው ነገር ለብዙ ቦታ እውነት ቢሆንም ለሁሉም አይሆንም። ፈተናው ላይ እነዚህ ስድስት ፊደላት ያህል ቦታ የሚወስዱ ሰዎች በሕይወታቸው ከፍለውበታል።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ ራሴ ልጠይቀው። «ወሰደው የምትለው ንጉሡ ነው፤ ባላገሩ መቼ ተጠየቀ?» እውነት ነው፤ ጅማሬው ከቤተ መንግሥትና ከወደብ ነው። ማላካን ተመልከቱ። በ1400 አካባቢ ከፓለምባንግ በመጣ መስፍን የተቆረቆረች ከተማ ናት። ቻይናዊው ማ ሁዋን ከዠንግ ሂ መርከቦች ጋር ሲጎበኛት ንጉሡም ሕዝቡም ሙስሊም መሆናቸውን ጽፏል። ፖርቱጋሉ ቶሜ ፒሬስ በወደቧ 84 ቋንቋ ይነገራል አለ። አራት ሻህባንዳሮች ነበሯት፤ እኛ ነጋድራስ የምንላቸው ዓይነት ሹሞች፣ እያንዳንዱ ለየራሱ የነጋዴ ወገን። የማላካ ሕግ ራሱ ቅጣትን ሲናገር ያገሩ ልማድ እንዲህ ይላል፣ የአላህ ሕግ ደግሞ እንዲህ ይላል እያለ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ይህ ሁሉ የገዥዎች ሥራ ነው፤ አልክድም።

ግን በ1511 ፖርቱጋሎች በአልቡከርክ መሪነት ማላካን ያዟት። ንጉሡ ሸሸ፤ ሙስሊም ነጋዴዎችም ተበተኑ። እስልምና የንጉሥና የገበያ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ያኔ ማክተም ነበረበት። የሆነው ተቃራኒው ነው። አቼህ፣ ጆሆር፣ ብሩናይ፣ ባንተን ገነኑ፤ እምነቱ ይበልጥ የተስፋፋው ከ1511 በኋላ ባሉት መቶ ዓመታት ነው። ንጉሥ ጁምዓ አስገድዶ ሊያስሰግድ ይችላል። ባላገርን በየቤቱ ለዘመናት እንዲጾም ግን አያደርግም፤ ያንን ያደረጉት የመንደር መምህራንና የአብዱር-ራኡፍን የሱፊ መንገድ ወደየአገራቸው ይዘው የተመለሱ ደቀ መዛሙርት ናቸው።

ባላገሩም ዝም ብሎ አልተቀበለም። ሚናንግካባን እዩ። እስከ ዛሬ ቤቱና ርስቱ የሚወረሰው በእናት በኩል ነው። በ1803 አካባቢ ከመካ የተመለሱ ሰዎች ልማዱን እናጽዳ ብለው ተነሡ፤ ነገሩ ወደ ጦርነት አመራ፤ ከ1821 እስከ 1837 ሆላንዶችም ገቡበት። ውጤቱ ምን ሆነ? ሚናንግካባ ዛሬም ጽኑ ሙስሊም ነው፤ ቤቱም ዛሬም የእናት ነው። ተጣልቶ፣ ደም ፈስሶበት፣ ሁለቱንም ያዘ። ይህን የመሰለ ሕዝብ «ሰለመ» እንጂ «አሰለሙት» አይባልም።

ለምን ይህን ያህል ተቆጣሁ?

ጓደኞቼ፣ ጉዳዩ የሩቅ አገር ነው፣ ምን አገባን ትሉ ይሆናል። የሚያገባን ይህ ነው፦ በዚያው ብዕር ስለኛም ይጻፋል። ፊደላችን ከየመን መጣ፤ ክርስትናችን ከሶርያና ከግብፅ መጣ፤ እስልምናችን ከመካ መጣ። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አንድ እውነት አለ። ሁሉም ሲደመር ግን እኛ ወደብ ላይ ቆመን ዕቃ የምንረከብ ተሸካሚዎች እንሆናለን። ይህ ሲጻፍብን እንቆጣለን፤ መቆጣታችንም ልክ ነው። ታዲያ በኛ ላይ ሲሆን የምንጠላውን በማላይ ላይ ሲሆን ሸምድደን ነጥብ እንቀበልበት?

ከእንግዲህ ፈተና ላይ ያው ጥያቄ ቢመጣ እኔ የምጽፈው «ማላዮች እስልምናን እንዴት ወሰዱት?» ብዬ ጥያቄውን አርሜ ነው። ነጥብ ቢቀነስብኝ ይቀነስ። ወንድማችን ደግሞ መልስ ካለው ይጻፍ፤ መጽሔቷ የሁላችንም ናት። አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ፦ በሚቀጥለው አምስት ገጽ ውስጥ ቢያንስ አንድ ማላይ ይናገርበት።

ከሦስተኛ ዓመት የታሪክ ተማሪ